ሁለቴ ትከሻ ላይ

የእህቴ ባል ፍሬን እንደሚለው፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ከድንጋይ ካባው አጠገብ ባለው ኩርባ ላይ ጥፋቱ የእህቴ ነበር። ሞተሩ ወደ ግራ ሲያጋድል እሷ ፈርታ ወደ ቀኝ ተሳበች። ሄልሜቷ ከሄልሜቱ ጋር ተጋጨ፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ደንግጣ እግሯን መሬት አስነካች። ሁለት ሰውና ሁለት የጎን ሣጥን የጫነ ሞተር ደግሞ ከኋላ ያለው ሰው እግሩን ካወረደ አይያዝም፤ ወደቁ። እሱ መጀመሪያ ያነሳው እሷን ነው፣ ሞተሩን አይደለም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነገረኝ።

እህቴ እንደምትለው፣ ኩርባው ላይ ሲደርሱ ትከሻውን ሁለቴ መታ መታ አደረገችው። ሁለቴ ማለት ቁም ማለት ነው። አልቆመም። ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «ቁም እንጂ!» ስትለው ግራ ክርኑን ወደ ኋላ ወረወረው። የጃኬቱ ክርን ላይ ያለው ደረቅ መከላከያ ከንፈሯን አገኘው። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው አስፋልቱ ዳሌዋን ሲልጣት ነው። መጀመሪያ ያነሳው ሞተሩን ነበር።

በሁለቱም ታሪክ ውስጥ ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ በሁለቱም ውስጥ ሞተሩ በግራ ጎኑ ተጋድሟል። የሚለያዩት ሰባት ወይም ስምንት ሴኮንድ ላይ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በእነዚያ ሴኮንዶች ላይ አራት ቀን ሙሉ ተቀምጬ አሰብኩ፤ ያውም እህቴ ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ወንበር ላይ ወጥታ፣ ለአሥራ ሁለት ቀን ማንም ወደማያውቃት አገር ከእሱ ጋር ብቻዋን ልትሄድ መሆኗን እያወቅሁ።

ፍሬን የሞተር መካኒክ ነው። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው። በጎረምሳነቱ ፍሬን የሌለው ሞተር እየነዳ፣ መቆም ሲፈልግ አጥር ላይ ይለጠፍ ነበር አሉ። ወላጅ እናቱ እንኳ የምትጠራው በዚሁ ስም ነው። እህቴ የመኪናና የሞተር ወንበር ትሰፋለች። የተዋወቁትም በወንበር ነው፦ ልታድስለት የሰጣትን ወንበር ወስዶ በሳምንቱ እንደተቀደደ መለሰው፤ ሰፋችለት፤ እንደገና ተቀዶ መጣ። በሦስተኛው ራሱ በቢላ እንደሚቀደው አወቀች። ለስድስት ዓመት ይህንን ለሰው እያወራች ስትስቅበት ኖራለች። እኔም ስቄያለሁ።

ጉዞውን ያቀድነው ሦስታችን ነን። እኔ የመንገድ ቀያሽ ስለሆንኩ መንገዱ የእኔ ድርሻ ሆነ፦ ሦስት አገር፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስፋልት። እህቴ የተስማማችው በዚህ ነበር። «ጠጠር ላይ ካስኬዳችሁኝ ወርጄ በአውቶቡስ እመለሳለሁ» ብላ አስቃናለች። በቀን ከሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ፣ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ እረፍት እንዲኖር፣ በመካከል ደግሞ ሁለት ቀን ሐይቅ ዳር እንዲያርፉ አድርጌ ሣልኩት። የሐይቁን ቀናት የመረጠችው እሷ ናት። «መርፌ ሳልነካ ሁለት ቀን ውኃ ማየት ነው የምፈልገው» አለች። ፍሬን የኋላውን ሞላ ለሁለት ሰው ክብደት አጠበቀ፣ የጎማውን ንፋስ ለካ። እሷ የኋላውን ወንበር በድርብ ስፖንጅ አዲስ ሰፋች።

በወረቀቱ ግርጌ ፍሬን በራሱ እጅ የጻፈው ደንብ አለ። በመንገድ ላይ በነፋስ ውስጥ ስለማይደማመጡ በእጅ ነው የሚነጋገሩት፦ አንዴ ትከሻ ላይ፣ ቀስ በል። ሁለቴ፣ ቁም። ከሥሩም «ከኋላ ያለው ካዘዘ ነጂው ሳይጠይቅ ይታዘዛል» ይላል። ከሥሯ አስምሮባታል።

እሑድ የወጡት ሙሉ ጭነቱን ሊሞክሩ ነበር። በየሣጥኑ ስምንት ስምንት ኪሎ አሸዋ ጭነው።

ሰኞ ወደ መስፊያ ክፍሏ ስሄድ ማሽኑ ላይ አጎንብሳ አገኘኋት። ከንፈሯ አብጦ ግማሽ ፊቷን የሌላ ሰው አስመስሎታል። የምትሰፋው የቆዳ ጠፍር ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መያዣ። ከወንበሩ ጋር አብሮ የሚሰፋ። እሑድ የምይዘው አልነበረኝም።»

የሆነውን ነገረችኝ። እንደ ልማዴ ዝም ብዬ አዳመጥኩ፤ እንደ ልማዴም ጠየቅሁ።

«እታለም፣ ሁለቴ መምታትሽን እርግጠኛ ነሽ? ምናልባት አንዱን ብቻ ሰምቶት፣ ቀስ በል ያልሽው መስሎት…»

ማሽኑን አቆመችው። «ወንድምዬ፣ ያረፈብኝ ክርን ነው። ምን መሰለው ብዬ ልጠይቀው?»

«ከዚህ በፊት መትቶሽ ያውቃል?»

«ከዚህ በፊት ሣህን መቷል። በር መቷል። አንዴ ደግሞ ግድግዳው፤ ጭንቅላቴ ከነበረበት አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ። ሁልጊዜ አጠገቤን ነበር የሚመታው። እሑድ አነጣጠረ።»

«ታዲያ ቅዳሜ አትሂጂ።»

«እኔ ብቻዬን ሆኜ አልሄድም ብለው ይህ ቤት ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? አንተ አጠገቤ ቆመህ አትሄድም በለው። ሌላ ምንም አልፈልግም። አንዲት ቃል።»

እኔም እንዲህ አልኳት፦ «እሱንም ልስማው።»

 ከዚያ ጠፍሩን ከመርፌው ሥር አስገባች። «ስማው» አለች። «ጆሮህ ደህና ነው።»

ማክሰኞ ጋራዡ ሄድኩ። ፍሬን አንድ ሞተር ሆዱን ከፍቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«ዳኛው መጣ!» አለ። «ችሎቱ በስንት ሰዓት ነው? ልብሴን ልቀይር?»

ታሪኩን በትዕግሥት ነገረኝ፤ ኩርባውን በዘይት እጁ ወለሉ ላይ ሣለልኝ። የሚታመን ነበር። ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንዳለው ቢሳብ ሞተሩ በእርግጥ ይወድቃል።

«እሷ ግን ክርን ነው ያረፈብኝ ትላለች» አልኩት።

የያዘው የብሎን መፍቻ ቁልፍ ከእጁ ሲወጣ አላየሁም። ከጆሮዬ አጠገብ ፉጨት ሰማሁ፣ ከኋላዬ ያለው ቆርቆሮ ጮኸ። ዞሬ ሳይ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ ግድግዳውን በስቶ ተሰክቷል። ሁለት ጣት ወደ ቀኝ ቢሆን ዛሬ ይህንን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነበር።

ፍሬን ሳቀ። «ምን ደነገጥክ? አልመታሁህም እኮ! አጠገብህን ነው የመታሁት።»

ቃሉ እህቴ ከነገረችኝ ጋር አንድ መሆኑን ልብ አልኩ። ግን ደግሞ እንዲህ አሰብኩ፦ በሐሰት የተከሰሰ ሰውም ይናደዳል። ሰው ቁልፍ ስለወረወረ ክርኑንም ወርውሯል ማለት አይቻልም። ኮሌጅ ሳለን መምህራችን አንድን ርቀት ሁለት ሰው ለክቶ የተለያየ ቁጥር ካመጣ ሦስተኛ ሰው ሄዶ ይለካል ይለን ነበር። እናም አንደበቴ ይህንን አወጣ፦

«ሐሙስ እኔን ከኋላ ጭነህ ውሰደኝ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት።»

«ዳኛው ራሱ ሊሳፈር? ደስ ይለኛል።»

ሐሙስ ከሰዓት ከእሷ አሥራ ሁለት ኪሎ ስለምበልጥ ከየሣጥኑ ስድስት ስድስት ኪሎ አሸዋ ቀነስኩ። በሚዛን መዝኜ ነው። አብራቸው የምትኖረው የፍሬን እናት በረንዳው ላይ ባቄላ እየለቀመች ታየኛለች።

«አይ የኔ ልጅ» አለችኝ፣ «ለሰማይ ቤትም እንዲህ ተመዝነህ ነው የምትገባው?»

እህቴ የመስፊያ ክፍሏ በር ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር። አዲሱ ጠፍር ከኋላው ወንበር ላይ ተሰፍቷል። 

ካባው ጋ ስንደርስ፣ ሞተሩ ወደ ግራ ማጋደል ሲጀምር፣ ትከሻውን ሁለቴ መታ መታ አደረግሁት። ወዲያው ማርሽ ቀነሰ፣ መንገዱን ለቀቀ፣ ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥ ቆመ። ሄልሜቱን ከፍቶ ዞረ።

«ፍርድ?»

«እንመለስ» አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንን አልደብቅም። ማንንም ሳልጎዳ ማታ ሁለቱንም ቁጭ አድርጌ የማስታርቅበትን አረፍተ ነገር በሆዴ እየሰደርኩ ነበር።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ የጫነ መኪና ከፊታችን ይንፏቀቃል። አቧራውና ጭሱ ፊታችን ላይ ነው። ፍሬን በቀኝ ብቅ አለ፣ ተመለሰ፣ በግራ ብቅ አለ። ትከሻው ሲደነድን በጃኬቱ ላይ ታየኝ። ከዚያ ኩርባው ላይ፣ ከማዶ የሚመጣው በማይታይበት ቦታ፣ ለመቅደም ወጣ።

አንዴ መታሁት። ነዳጅ ጨመረ። የመኪናው ጎማ ከጉልበቴ ጋር እኩል ሆነ። ሁለቴ መታሁት። እንደገና ጨመረ። የሄልሜቴ መስታወት ክፍት ነበር፤ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «ቁም!» ብዬ ጮህኩ።

ክርኑ መጣ። ዞር ሳይል፣ ሳያይ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። አፌ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማሁት፤ ሕመሙ ቆይቶ ነው የደረሰው። ወደ ኋላ ተወረወርኩ። ከጎማው ሥር ያልገባሁት ግራ እጄ ጠፍሩ ውስጥ ስለነበረ ነው፤ እህቴ በተሰነጠቀ ከንፈር ቁጭ ብላ የሰፋችው ጠፍር። ክሩ አልተበጠሰም።

መኪናውን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ዳር ያዘ። ወርጄ ደም ተፋሁ፤ ከደሙ ጋር ጥርስ ወጣ። ፍሬን ሄልሜቱን ሲያወልቅ ፊቱ ላይ ያየሁት ግርምት የእውነት ነበር። ያደረገውን ገና አሁን ነው ያየው።

«ማን ንካኝ አለህ?» ብሎ ጮኸ። «ሰው እየቀደምኩ ይነካል?»

«ሁለቴ… መታሁህ።»

«ያለቦታው ነው የነካኸኝ! እሷም እንዲሁ ናት፣ ያለቦታው…»

አፉ እንደተከፈተ ቀረ። የተናገረውን ሰማው። መስማቴንም አየ።

ያን ጊዜ ነው በእውነት የመታኝ። በቡጢ ሆዴን፣ ጎንበስ ስል ጉልበቱ ደረቴን። ጠጠሩ ላይ ወደቅሁ። በብረት አፍንጫ ቦት ጫማው ጎኔን ሲረግጠኝ «አልመታኋትም! አልመታኋትም!» ይል ነበር፤ በእያንዳንዱ ቃል አንድ እርግጫ። ሄልሜቴን በማሰሪያው ይዤ ከመሬት እንዳለሁ ወረወርኩት፤ ከቅንድቡ በላይ አገኘው። ቆዳው እንደ ተቀደደ ከረጢት ተከፈተ፤ ተንበረከከ።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ተነስቼ ቆሜያለሁ፣ እሱ ተንበርክኳል፣ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። ደገምኩት። የተዘረጋውን እጅ ነው የመታሁት። ሦስተኛውን ጭንቅላቱ ላይ። ሁለተኛው አስፈላጊ አልነበረም፣ ሦስተኛውም። ስመታውም ስለ እህቴ እያሰብኩ ነበር ብል ውሸት ነው። ምንም አላስብም ነበር፤ ክንዴ ብቻ ደስ ብሎታል።

አራተኛውን ያስቀረው የድንጋይ መኪናው ሹፌር ነው። ከኋላ ወገቤን ይዞ አነሳኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለው ነው እንዴ!» አለኝ። እሱ የደረሰው ግማሹ ካለቀ በኋላ ነው። ቢጠየቅ ስለ እኔ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ የሚለውም ሐሰት አይሆንም።

በዚያው መኪና ተጭኜ ግቢያቸው በር ላይ ስወርድ ፍሬን ቀድሞ ደርሷል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ እናቱ በሣህን ውኃ ይዛ ቅንድቡን ታጥባለች።

«ወንድሟ ነው!» ይላል። «በሄልሜት ነው የመታኝ፣ ተንበርክኬ እያለሁ እንኳ! ሦስቴ!»

«እውነቱን ነው» አልኩ። ቃሉ በጎደለው ጥርስ በኩል እየሾለከ ወጣ።

እህቴ ከመስፊያ ክፍሏ ወጣች። እሱን አለፍ ብላ መጣችና አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። አፌን አየችው። ከንፈሬ የተሰነጠቀው የእሷ በተሰነጠቀበት ጎን ነበር።

«እታለም» አልኳት፣ «አመንኩሽ።»

«አሁን?» አለች።

«አሁን።»

«ጥርስህ እስኪወልቅ ውሸታም ነበርኩ ማለት ነው።»

«ውሸታም አላልኩሽም።»

«አላልክም። ከእሱ ጋር ሚዛን ላይ ነው ያስቀመጥከኝ። እንደ አሸዋው።» አገጬን ለቀቀችው። «አንዲት ቃል ነበር የለመንኩህ።»

ደሙን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

«ኧረ በቃ ተዉ!» አለች የፍሬን እናት። «ጥርስ ይተከላል፣ ቅንድብም ይሰፋል። ቪዛው ተመቷል፣ ፈቃዱ ተፈርሟል፣ ሻንጣው ታስሮ አልቋል። ልጄ እጁ ትንሽ ፈጣን ነው፤ ሥራ የለመደ እጅ ነው። መንገድ ላይ ትታረቃላችሁ።»

ፍሬን ተነሳ። ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ እንደዚያ ለስላሳ ሲሆን ሰምቼው አላውቅም። «የኔ ዓለም፣ ሐይቁን አስቢው እስቲ። ከቅዳሜ አራት ቀን ብቻ ነው። ሁለቴ ስትነኪኝ እቆማለሁ። እናቴ ትሙት እቆማለሁ።»

እህቴ ወደ ክፍሏ ገባች። ስትወጣ የቆዳ መቁረጫ ቢላዋን ይዛለች፤ አጭሩን፣ ስለቱ ወደ ውስጥ የጎበጠውን። የፍሬን እናት ጮኸች። ፍሬን ጀርባው ግድግዳ እስኪነካ አፈገፈገ። እኔም ተነሳሁ፤ ማንን ልይዝ እንደሆነ ሳላውቅ።

በአጠገቡ አልፋ ወደ ሞተሩ ሄደች። ስፌቱ የት እንደሚጀምር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢላውን የነጂውና የኋላው ወንበር የሚገናኙበት ላይ ሰክታ በአንድ ትንፋሽ ጎተተችው። ቆዳው ሲቀደድ እንደ እንስሳ ጮኸ። በሁለተኛው ስፖንጁን ከሥሩ ለየችው፣ በሦስተኛው ጠፍሩን ቆረጠችው። የኋላውን ወንበር በሁለት እጇ ገንጥላ እግሩ ሥር ጣለችው።

«ሦስቴ ቀደህ አመጣህልኝ፣ ሦስቴ ሰፋሁ» አለችው። «ይህንን አልሰፋውም።»

ፍሬን ዘለለ። ቢላ የያዘውን የእጇን አንጓ ይዞ ወደ ኋላ ጠመዘዘው፤ ቢላው ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ጮኸ። መጠምዘዙን አላቆመም። ጉልበቷ ታጠፈ። ወደ እነሱ ስሮጥ ነፃ እጇን አነሳች፤ ልትመታው መሰለኝ። አልመታችውም። ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ሁለቴ፣ በቀስታ።

አልቆመም። ክርኑ ወደ ኋላ ሲሄድ ሁላችንም አየነው።

«አዩት፣ እማማ?» አለች እህቴ፣ ተንበርክካ፣ ዓይኗን ከፍሬን እናት ሳትነቅል። «ሁለቴ ነው።»

አሮጊቷ የያዘችውን ሣህን ከነደሙ ውኃ የልጇ ጀርባ ላይ አሳረፈችው። «ልቀቃት! ልቀቃት አልኩህ!» እየጮኸች ደገመችው። ሣህኑ ጎበጠ። ፍሬን እጇን ለቅቆ እናቱን ዞሮ አየ፤ ውኃው በአገጩ ይንጠባጠባል። እኔ ያን ጊዜ በመካከላቸው ደርሼ ቆሜ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ወገን።

እህቴ ተነሳች። አንጓዋን ታቅፋ ወደ ግቢው በር ሄደች፤ እዚያ ደርሳ ዞረች።

«አሁን የምሄደው ፖሊስ ጣቢያ ነው፣ በእግሬ» አለች። «እማማ፣ ያዩትን ለመናገር ከመጡ ይምጡ። ወንድምዬ፣ አንተም ና፤ ስለ ራስህ የሚነገረውንም ሳትቀንስ ተናገር። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሐይቁ ጋ እሄዳለሁ። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ራስህ ነህ የሣልከው። በአውቶቡስ እሄዳለሁ፣ ብቻዬን፣ መስኮት በኩል ተቀምጬ።»